ለጎንደር ዕቃ ያላት አራስ ረቡዕ ትምጣ

ከአይሁድ አገር፣ ከኔታንያ፣ ከተመለስኩ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ባሕሩን ንገረን» ይለኛል። ባሕሩ ውሃ ነው። በጣም ብዙ ነው፣ ጨው ነው፣ ለከብት አይሆንም። የባሕሩ ነገር በዚህ አበቃ። እኔ የምጽፈው ስለ እህቴ ልጅ ስለ አስናት ሥራ፣ በዚያም ሥራ ውስጥ ማንም ሳይጠራኝ ስለገባሁበት ነገር ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካወጣሁ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። የልጅ ልጄ «አባባ፣ አንተ ንገረኝ፣ እኔ አሳምሬ ልጻፈው» ብላኝ ነበር። ያየሁት እኔ ነኝ፣ የምጽፈውም እኔው ነኝ አልኳት።

እሑድ፣ የተነሣሁበት ቀን

እህቴ ጥሩነሽ በስልክ «አስናት የወለዱ ሴቶችን ነው የምትረዳ» ብላኝ ነበር። እኔም ልጅቷ አዋላጅ ሆነች ብዬ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራሁ። አዋላጅ ዘንድ ባዶ እጅ አይኬድም ብዬ የገብስ ገንፎ ዱቄት አንድ ከረጢት ሙሉ ያዝኩ። ከጎንደር አዲስ አበባ ድረስ ማንም አልነካውም። አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ግን ፈታሿ ከረጢቱን ስትከፍት ፊቷ ተለወጠ።

«አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ለአራስ ነው።»

«አራሷ ማን ናት?»

«ገና አላውቃትም።»

«ለማያውቋት ሰው ነው የሚወስዱት?»

«ልጄ፣ አገሩ ሰው ያለበት ከሆነ አራስ አይጠፋም» አልኳት።

ሌላ ፈታሽ ጠራች። እሱ መጥቶ አሸተተ፣ በጣቱ ነክቶ ቀመሰ፣ «ተዪ፣ እናቴ ቤት ያለው ነው» ብሎ አሳለፈኝ። እግዜር ይስጠው።

ሰኞ

ጧት ደረስኩ። ጥሩነሽና አስናት በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ጥሩነሽ ታናሽ እህቴ ናት። በሰማንያ ሦስት ቤተ እስራኤል ወገኖቻችንን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲወስዷቸው እሷም ሄደች፤ የዚያን ጊዜ የመጨረሻ ወሯ ነበር። አስናትን የወለደቻት እንደደረሰች ነው። እኔ ቀረሁ። ሚስቴ ከሌላ ወገን ነበረች፤ ደግሞም በሬዎቼን ለማን ትቼ? ከዚያ ወዲህ ጥሩነሽ አንድ ጊዜ ብቻ ጎንደር መጥታለች። አሁን ስታየኝ «አያ ፈረደ፣ አጠርክ» አለች። «አንቺ ሰፋሽ» አልኳት። እንዲህ ተሳስመን አለቀስን።

ቤታቸው ኔታንያ ውስጥ፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ጎረቤት ጎን ለጎን ነው፤ እዚያ ላይና ታች ነው። የላይኛው ጎረቤት ወንበር ሲጎትት ትሰማዋለህ፣ ፊቱን ግን አታውቀውም። ለራት ዓሣ፣ ሩዝና በጣም የተከተፈ ሰላጣ ቀረበ። ስበላ ስለ ሥራዋ ጠየቅኳት።

«አስናት፣ በቀን ስንት ታዋልጃለሽ?»

«አላዋልድም፣ አጎቴ። እኔ ሴቲቱ እርጉዝ ሳለች ወይም ከወለደች በኋላ ልቧ ሲጨልም፣ እንቅልፍ ሲነሳት፣ ልጇን ስታይ ስትፈራ ነው የምረዳት።»

«ምን ታደርጊላታለሽ?»

«እሰማታለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ጥያቄ እጠይቃታለሁ፤ ከዚያም እሰማታለሁ።»

«ለዚህ ስንት ዓመት ተማርሽ?»

«ሰባት።»

ዓሣው አነቀኝ። ጥሩነሽ ጀርባዬን እየመታች «ተዋት፤ እኔም እንዳንተ ነበርኩ» አለች።

ረቡዕ

አስናት ይዛኝ ሄደች፤ አዋላጅ ካልሆነች ምን እንደሆነች በዓይኔ ልይ ብዬ ነው። በሰፈሩ የሕዝብ አዳራሽ አንድ ክፍል ሰጥተዋታል። ስምንት ወንበር በክብ አስቀምጣ፣ ውሃና ብስኩት አቅርባ፣ ለሕፃናት ምንጣፍ ዘርግታ ጠበቀች። ዕቅዷ የእኛ ሰፈር ሴቶች ሳምንት ሳምንት እየተገናኙ በልባቸው ያለውን እንዲያወሩ ነው። እኔ ከውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አራት ሰዓት ሆነ። አራት ተኩል ሆነ። ማንም የለም። ብስኩቱን እኔ በላሁት።

በስተኋላ የአዳራሹ ኃላፊ፣ አንዲት ፀጉረ አጭር ሴትዮ፣ መጥታ በዕብራይስጥ ተናገረች። ስትሄድ አስናትን «ምን አለች?» አልኳት።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰው አልመጣም። በሚቀጥለው ረቡዕም ካልመጣ ክፍሉ ለሌላ ይሰጣል።»

«ለማን?»

«ለሽማግሌዎች ስፖርት።»

ሽማግሌ ስፖርት ምን ያደርግለታል! ተናደድኩ። ከእኔ ይልቅ ግን አስናት ነበረች የምታሳዝን። ወንበሮቹን አንድ በአንድ ስታነሣ እጇ ቀስ ይል ነበር። «ቤት ለቤት ተቀምጠው እያለቀሱ ነው፣ አጎቴ። አውቃለሁ። ግን እዚህ ከመጡ ‹አብዳለች› መባሉን ይፈራሉ። ክፍሉን ካጣሁ ደግሞ ሌላ የሚሰጠኝ የለም።»

በሩ ላይ የለጠፈችውን አየሁት። በአማርኛም በዕብራይስጥም በትልቁ፦ የወለዱ እናቶች የአእምሮ ጤና። ፊት ለፊቱ የአውቶቡስ ማቆሚያ ነው። አገር ሁሉ አውቶቡስ ሲጠብቅ ያነበዋል፣ ማን እንደገባችም ያያል።

«ይህን የጻፈ ሰው ሰባት ዓመት ነው የተማረ?» አልኳት። አኮረፈችኝ። ወረቀቱን ግን ነቀለችው።

ቅዳሜ

በዚህ ቀን አንድ ነገር ደረሰብኝ። እዚያ ሰንበትን የሚያከብር ሰው ቁልፍ እንዳይጫን ተብሎ፣ ሊፍቱ ቅዳሜ ቅዳሜ በራሱ ነው የሚሄደው። በየፎቁ እየቆመ፣ እየከፈተ፣ እየዘጋ ይወጣል ይወርዳል። ይህን የነገረኝ አልነበረም። ከምሳ በኋላ አየር ልቀበል ብዬ ገባሁ። አምስተኛው ላይ ቆመና ተከፈተ። ሰው የለም። «ሻባት ሻሎም» ብዬ ጠበቅኩ፤ ጨዋ ሰው በር ሲከፈትለት ሰላም ይላል። አራተኛው ላይም እንዲሁ። ምድር ቤት ሲደርስ ገና ልወጣ ስል ተዘጋና መልሶ አወጣኝ። ሁለት ጊዜ እንዲህ አመላለሰኝ።

በሦስተኛው ዙር አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ጎረምሳ የሕፃን ጋሪ እየገፋ ገባ። የእኛው ልጅ ነው፣ እዚያው የተወለደ፤ ስሙ አቪ። አማርኛው ግማሽ ነው።

«ሳባ፣ ወዴት ነህ?» አለኝ። ሳባ ማለት በእነሱ አያት ማለት ነው።

«መውረድ ነበረ ሐሳቤ። አንተስ?»

«እኔ የትም። ልጁ ማአሊት ሲሄድ ነው የሚተኛው።» ሊፍቱን ማአሊት ይሉታል።

አብረን ወጣን፣ አብረን ወረድን። ልጁ እውነትም ተኛ። የሁለት ወር ወንድ ልጅ ነው፤ አፍንጫው የሚያምር።

«እናቱስ?»

«ተኝታለች።»

«ትናንትስ?»

«ትናንትም ተኝታለች።» ከዚያ ወደ በሩ ዞረ። «ዓይኗን ግን አትከድንም፣ ሳባ።»

ሌላ ምንም አልጠየቅኩትም። እንደገና ስድስተኛው ላይ ሲቆም እኔ ወረድኩ፤ እሱ ቀረ።

እሑድ

ጧት ለአስናት ነገርኳት። «ያንቺ ስሕተት ይህ ነው፤ አራስ ነይ ተብላ ትጠራለች እንዴ? ይኬድላታል እንጂ! እኛ ዘንድ አራስ ብቻዋን አትተውም። ጠያቂው አጠገቧ ይቀመጣል፣ ገንፎ ይበላል፣ ይስቃል፣ ሰው ያማል። እሷ ከፈለገች ታወራለች፣ ካልፈለገች ዝም ትላለች።»

«አጎቴ፣ እኔ ሳልጠራ ሰው ቤት ከገባሁ ሙያዬን አፈረስኩ ማለት ነው። የእነማን ቤት እንደሆነም እንዳትጠይቀኝ፣ ስም አልናገርም።»

«ከአንቺ ስም ማን ጠየቀ! እናትሽ ማን እንደወለደች ከባሏ በፊት ነው የምታውቀው።»

ጥሩነሽ ሻሿን ማሰር ጀምራ ነበር።

በዚያ ቀንና በማግሥቱ አምስት ቤት አዳረስን። ጥሩነሽ ዱቄቱን ይዛ ትገባለች፤ ገንፎውን እዚያው ታገነፋለች። እኔ ወንድ ነኝ፣ አራስ ክፍል አልገባም፤ በረንዳ ላይ ከባልየው ጋር እቀመጣለሁ። ባሎቹ ሁሉ ጠላታቸው የመጣ ይመስል ይደነግጣሉ፤ ገንፎው ሲደርስ ይለሰልሳሉ። ማሬ የምትባል፣ ከጎንደር ከመጣች ገና ሦስት ዓመቷ የሆነ፣ መንታ የወለደች አለች። ገንፎውን ስታይ ከክፍሏ ወጥታ መጥታ «ባባዬ፣ ማን ላከዎት? እናቴ ናት?» አለችኝ። ማንም አልላከኝም ስላት ማልቀስ ጀመረች። አንዱን መንታ እኔ፣ ሌላውን ባልየው ይዘን ቆየን። የእኔው ሸናብኝ። ጥሩ ነው፣ ምርቃት ነው አሉኝ።

የመጨረሻው የአቪ ቤት ነበር። ሚስቱ ሊአት ትባላለች፤ እሷም እዚያው የተወለደች ናት። አልወጣችም። ጥሩነሽ ገብታ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆየች፤ ከክፍሉ አንድ ቃል አልተሰማም። ስትወጣ ሊፍቱን አልፋ በደረጃው መውጣት ጀመረች። መካከል ላይ ቁጭ አለች።

«አያ ፈረደ፣ እኔም እንዲህ ነበርኩ።»

«መቼ?»

«አስናትን የወለድኩ ጊዜ። ንጹሕ ክፍል ሰጥተውኛል። ምግቡ በሰዓቱ ይመጣል፣ ሐኪሟ በሰዓቷ ትመጣለች። ምንም አልጎደለብኝም፤ ሰው ብቻ አልነበረም። እናታችን አገር ቤት፣ ባሌ ቋንቋ ትምህርት ቤት። ልጅቷን አየኋትና በልቤ ‹የማን ናት?› አልኩ። የሰው አደራ እንደያዘ ሰው ነው ወራት ያህል የያዝኳት።»

«ምነው አልጻፍሽልኝም?»

«ምን ብዬ? ልጄን አልወደድኳትም ብዬ?»

አጠገቧ ቁጭ አልኩ። እሷም ቀጠለች። «አስናት ፖሌግ፣ እዚያ ቢሮና ፋብሪካ የሞላበት፣ በኮምፒውተር ደህና ሥራ ነበራት። ጓደኛዋ ወልዳ ሌት ተቀን ስታለቅስ ‹እማ፣ ምን ሆና ነው?› ብላ ጠየቀችኝ። አተር እየፈለፈልኩ ነበር፤ ሳላስበው ሁሉንም ነገርኳት። ሳምንት አላናገረችኝም። ከዚያ መጥታ ‹ሥራዬን ለቀቅኩ፤ እንዳንቺ ብቻቸውን የሚቀመጡትን መርዳት እማራለሁ› አለች። እኔ ደግሞ ‹ኮምፒውተሩን ትተሽ!› ብዬ ሌላ ሳምንት አላናገርኳትም።»

ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። በዚያ ደረጃ ላይ ሳስበው ግን የልጅቷ ሰባት ዓመት ብዙ አልመሰለኝም።

ማክሰኞ

አስናት አሁንም የፈራ ፊት ነበራት። «እማ ቤታቸው ስለሄደች እሰይ። ነገ ግን ይመጣሉ ማለት አይደለም።» እውነቷን ነው። አምስቱም «እንመጣለን» አላሉም። እኛም ኑ አላልናቸውም፤ ጥሩነሽ «ከጠየቅኩ በኋላ ነይ ብዬ ካልኩ፣ ጥየቃዬ ንግድ ሆነ» ብላ እምቢ አለች።

ቲማቲም ልንገዛ ገበያ ሄድን። የኔታንያ ገበያ ከእኛ ቅዳሜ ገበያ የሚለየው ጩኸቱ በዕብራይስጥ መሆኑ ነው። አገሬውን የሰበሰብኩት እኔው ነኝ፤ ጎንደሬ እንደሆንኩና ሐሙስ እንደምመለስ ሎሚ ለሚገዛ አንድ የእኛው ሰው ነገርኩት። ወዲያው ከበቡኝ። አንዱ «ለወንድሜ መነጽር አድርስልኝ»፣ አንዷ «ለአክስቴ የጉልበት መድኃኒት»፣ አንዱ ደግሞ ሙሉ ብርድ ልብስ። ሻንጣዬ ትንሽ ናት! ልቆጣ ስል አንድ ነገር በጭንቅላቴ ብልጭ አለ።

«ስሙ!» አልኩ። «የምወስደው የአራስን ዕቃ ብቻ ነው። ልጇ ዓመት ያልሞላው፣ ራሷ ይዛ የመጣች። ነገ ረቡዕ በአራት ሰዓት፣ የሕዝብ አዳራሽ፣ የታችኛው ክፍል።»

«እኛስ?» አለ ባለ ብርድ ልብሱ።

«አንተ ወልደሃል?»

ዓመት ያልኩት አስናት ይህ ሕመም እስከ ዓመት ሊመጣ ይችላል ስላለችኝ ነው። ማታ ሳይደርስ ወሬው ኔታንያን አዳረሰ። ጥሩነሽ ስልክ ስታነሣ ስትዘጋ ዋለች። ለአስናት አልነገርናትም።

ረቡዕ

ልጅቷ ስምንቱን ወንበር ደርድራ፣ እጇን አጣጥፋ ቆማለች። ልክ በአራት ሰዓት ማሬ ከነመንታዎቿ ገባች፤ በጋሪው ሥር ጫማ፣ መድኃኒትና ፎቶ የሞላበት ላስቲክ ይዛ። ከኋላዋ ሌላ። ከዚያ ሌላ። ሰባት ሆኑ። ክፍሉ የሕፃን ጩኸት ሆነ። ኃላፊዋ በር ላይ መጥታ በዓይኗ ቆጠረች፤ ምንም ሳትል ሄደች። አስናት ፊቷ በራ። ከዚያ ማሬ ላስቲኩን ሰጠችኝና «ባባዬ፣ ጫማው የእናቴ ነው፣ አይቀያየር» አለች። አስናት ወደ እኔ ዞረች።

«አጎቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ነገርኳት። ኮሪደር ላይ ጎትታ አወጣችኝ። «አታለልካቸው! ማንም ሴት እኔ ዘንድ ተታልላ አትገባም፣ ገባህ? ይሄ የሥራዬ የመጀመሪያ ሕግ ነው!» እንደዚያ ሲቆጣኝ ያየሁት አባቴን ብቻ ነው። ተመልሳ ገባች። ዝም ብላ ብታስጀምራቸው ክፍሉ ይተርፍላት ነበር፤ እሷ ግን በሩን ከፍታ እንዲህ አለቻቸው።

«አጎቴ ለዕቃ ነው የጠራችሁ። ዕቃውን ይወስዳል። እኔ ግን እዚህ የተቀመጥኩት ከወለዱ በኋላ የከበዳቸውን ሴቶች ልሰማ ነው። ለዚያ አልመጣችሁም። መሄድ የምትፈልግ ትሂድ፣ ቅር አይለኝም።»

አንዷ ተነሣች። ዕቃዋን አስረከበችኝና እየሳቀች «ሽማግሌ ሌባ» ብላኝ ወጣች። ሌላዋም ተከተለቻት። አስናት የቀሩትን አላየችም፤ ወለሉን ነበር የምታየው። ያኔ ማሬ አንዱን መንታ ምንጣፉ ላይ አጋደመችና «እኔ ተቀምጫለሁ። ቤት ብሄድም ከእነዚህ ጋር ማልቀስ ነው፤ እዚህ ላልቅስ» አለች። አራቱም ሳቁ። ተቀመጡ።

የሰባቱም ዕቃ ደርሷል፤ አልደረሰኝም የሚል ጎንደሬ ካለ ቤቴ ይምጣ።

በሩን ልዘጋ ስል አቪ ጋሪውን እየገፋ መጣ። ከኋላው ሊአት ነበረች። ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ቀጭን ናት፤ ፀጉሯን አላበጠረችም፤ የቤት ጫማ አድርጋለች። በልማዴ ዕቃ ልቀበል እጄን ዘረጋሁ። ሁለት እጇን አሳየችኝ። ባዶ ነው። ጎንደር ማንም የላትም። በአጠገቤ አልፋ ገባች፤ በሩ ተዘጋ።

አቪና እኔ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ልጁን ከጋሪው አውጥቶ አቀፈው። ከዚያ ወለሉን እያየ «ሳባ፣ ያንተ ሚስት እንደዚህ ሆና ታውቃለች?» አለኝ።

አፌ የለም ሊል ተነሥቶ ነበር። ለማንም ነግሬ አላውቅም።

«ሁለተኛ ልጃችንን ስትወልድ» አልኩት። «ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ከየካቲት እስከ ሐምሌ።»

«አንተ ምን አደረግህ?»

«አረስኩ።»

«ምን?»

«መሬት ነዋ። የራሴን ጨረስኩና የወንድሜን አረስኩ። የወንድሜን ጨረስኩና የጎረቤቴን። የዚያን ዓመት እንደ እኔ ያረሰ ሰው አልነበረም። ሰዉ ጎበዝ አለኝ። እኔ ግን ቤት መግባት ፈርቼ ነው። አጠገቧ የተቀመጠችው አክስቷ ናት፤ ያዳነቻትም እሷ ናት። ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እስክትሞት ድረስ አንድ ቀን አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።»

አቪ ልጁን ወደ ትከሻው አጠጋው። «እኔም ሥራ ሳይኖር ሥራ አለ እላታለሁ» አለ በቀስታ።

ልጁ ማልቀስ ጀመረ። አቪ ተነሥቶ ወዘወዘው፣ አልሆነም። ሊያንኳኳ እጁን ሲያነሣ በሩ ከውስጥ ተከፈተ። ሊአት ናት፤ ዓይኗ ቀልቷል፤ የማሬን አንዱን መንታ በክንዷ ይዛለች። ባሏን አየችውና በዕብራይስጥ አንድ ነገር ተናግራ መልሳ ዘጋችው። ድምጿን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

«ምን አለች?» አልኩት።

«ገና አልጨረስኩም አለች።»

«እንግዲያው ጀምራለች» አልኩትና ልጁን ተቀበልኩት፤ የእሱ ክንድ ዝሎ ነበር።